ስለ ጊታራችን ትሬሞሎ፤ የወለቀው ይሻላል ወይስ የተተካው?

የማኅበራችን የሙዚቃ ክበብ ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ባሳየው ዝግጅት ላይ ምን እንደ ደረሰብን አብረውን የነበሩ ሁሉ ያውቁታል። ላልነበሩት በአጭሩ እንንገር። ሦስተኛው ዘፈን በአንቺ ሆዬ ቅኝት ነበር። ጊታር መቺያችን የትሬሞሎውን እጀታ አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ ሲለቀው ክሮቹ ወደ ነበሩበት ድምፅ አልተመለሱም። ቃኘ፤ እንደገና ተበላሸ። በመጨረሻ ጊታሩ ተዘግቶ ዘፋኟ በክራር ብቻ ጨረሰችው። የይፋት ሰው ጨዋ ነውና አጨበጨበልን፤ ሆኖም ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ከመጀመሪያውስ ክራሩ ይበቃቸው ነበር ማለታቸው ጆሯችን ሳይደርስ አልቀረም።

ከተመለስን ወዲህ ጥፋቱን በቆላው ሙቀት የሚያላክኩ ጓደኞች አሉ። እርግጥ ነው፤ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከተማ ተነሥቶ፣ ጣርማበርን አቋርጦ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሮቢት የወረደ የብረት ክር በሙቀት ይለጠጣል፤ ድምፁም ይወርዳል። ነገር ግን ሙቀት ክሩን ቀስ በቀስ ያላላዋል እንጂ እጀታው በተነካ ቁጥር ቅኝት አያፈርስም። ስለዚህ ምክንያቱን ከአየሩ ሳይሆን ከብረቱ መፈለግ ይገባናል።

ብረቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቁ አንባብያን ትንሽ እናብራራ። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ከስትራቶካስተር ጊታር ጋር ያወጣው ይህ ብሪጅ፣ በበገና በርኩማ የምንለው መሆኑ ነው፣ በስድስት ቪቴዎች ላይ የሚወዛወዝ ጠፍጣፋ ብረት ነው። ከሥሩ በጊታሩ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ ጉማጅ ብረት አለው፤ ክሮቹ ከዚያ ይታሰራሉ። ከጀርባ ደግሞ እስከ አምስት የሚደርሱ ሞላዎች ጉማጁን ይስቡታል። የክሮቹና የሞላዎቹ ጉልበት ሲመዛዘን ቅኝቱ ይጸናል። (ትሬሞሎ የሚለው ስም ራሱ ስሕተት ነው። ትሬሞሎ የድምፅ መጉላትና መድከም ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ የሚያደርገው ድምፁን ማቅጠንና ማወፈር ነውና ቪብራቶ ቢባል ይሻል ነበር። ስሙ ግን ከወጣ ቆየ፤ እኛም አንለውጠውም።) እንግዲህ ጠፍጣፋው ብረት ያለ እንቅፋት ተወዛውዞ ወደ ቦታው መመለስ ካልቻለ ሌላው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው።

በእኛ ጊታር ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በስጦታ ሲመጣልን አብሮት የነበረው ብሪጅ ዝጓል ተብሎ ወለቀና በቅያሪ ተተካ። ትናንት በማስመሪያ ለካን። በአሮጌው ላይ ከመጀመሪያው ቪቴ እስከ ስድስተኛው ያለው ርቀት 56 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው፤ የኢንች ልክ ስለሆነ ነው። ቅያሪው 52.5 ነው። ወደ አራት ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ልዩነት ለመሙላት ሠራተኛው የብረቱን ቀዳዳዎች በሞረድ አስፍቶ፣ እንጨቱንም እንደገና በስቶ አስገድዶ አስገባው። አሁን ብረቱ ስድስቱን ቪቴዎች እኩል አይነካም፤ በሁለቱ ላይ ብቻ እየተነከሰ ይቆማል። እጀታውም ጥርሱ አልገጥም ብሎ፣ የአሮጌው የኢንች ነውና፣ በክር ተጠቅልሎ ነበር የገባው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ቅኝት ቢጸና ነበር የሚያስገርመው!

እንዲህ ከሆነ ኦሪጅናሉን ከውጭ እናስመጣ የሚሉ የኮሚቴ አባሎች አሉ። ከአባሎች መዋጮ ላይ ማለታቸው ነው። በዚህ አንስማማም። ኦሪጅናል የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንምና። ፌንደር ራሱ ቀድሞ ጉማጁን ከጠንካራ ብረት ይሠራ የነበረው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ለውጦት ነበር፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ድምፁን አልወደዱትም። መርካቶ ውስጥ ደግሞ ስም ያልተጻፈበት ታይዋን የት አለ? ስም ሳይሆን ልክና ብረት ነው መታየት ያለበት። ልኩን ማስመሪያ ያሳያል። ብረቱን ለማወቅ ኪስ ውስጥ የምትያዝ አንዲት ማግኔት ትበቃለች፤ ብረት ላይ ትጣበቃለች፣ ዚንክ ላይ አትጣበቅም። ከክበቡ ዕቃ ቤት ባገኘነው በወለቀው ብሪጅ ላይ ስንሞክራት ተጣበቀች። በቅያሪው ላይ ወደቀች።

የወለቀውን ስንመረምር ደግሞ የዛጉት ክሮቹ የሚያርፉባቸው የስድስቱ ኮርቻዎች ቪቴዎችና ሁለት ሞላዎች ብቻ ናቸው። ጠፍጣፋው ብረት በቪቴዎቹ ዙሪያ አልተበላም። ሞላና ቪቴ የሚተኩ ነገሮች ናቸው፤ ቅያሪ ቢሆኑም ጉዳት የላቸውም። ስለዚህ የተበሱትን ቀዳዳዎች በወይራ ወትፎ፣ በማጣበቂያ አጽንቶ፣ በቀድሞው ልክ በስቶ፣ አሮጌውን ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል። የዛጉት ቪቴዎች በነጭ ጋዝ ተነክረው አድረዋል፤ አራቱ ዛሬ ጠዋት ዞረዋል።

ሌላም አሳብ የሰነዘረ ጓደኛ አለ። ጉማጁን በእንጨት ወሽቀን እናቁመው፣ ባቲና አምባሰል ለመጫወት እጀታ ምን ያደርጋል ይላል። ይህ የቀልድ አሳብ አይደለም፤ በውጭም ብዙ ጊታር መቺዎች ያደርጉታል፣ ቅኝትም ይጸናበታል። ከቅያሪውማ በእጅጉ ይሻላል። እኛ የማንደግፈው ጊታር መቺያችን በእጀታው የማሲንቆን ልቅሶ ሊከተል ሲሞክር ስለሰማነው ነው። አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ የመዋጮውን ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት ሁለቱን ብሪጆች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንዲያያቸው እንጠይቃለን። ማስመሪያውንና ማግኔቱን እኛ እናመጣለን። የሜካኒክስ መምህሮቻችንም የቶርኖ ክፍሉን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈቅዱልን፣ ለቀዳዳው የሚሆነውን ወይራ ክብ አድርገን የምንቆርጠው እዚያ ነው።