ምራቅ ስም አይጠራም

ሰሞኑን በውጭ አገር በሚሰራጭ አንድ የአማርኛ ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ፣ ኢትዮጵያውያን መዝገብ የሌለን ሕዝብ ስለሆንን ዘራችንን ለማወቅ ያለን መንገድ የዲኤንኤ ምርመራ ብቻ ነው ሲል አስተማረ። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ ሳያነሳ ተቀበለው። አባባሉ ሐሰት ነው። ሳይፈልጉ የለም ማለት ደግሞ ከሐሰትም ይከፋል፤ የሰሙት ወጣቶች ፍለጋውን ሳይጀምሩ ይተውታልና።

ለዲኤንኤ ምርመራ የሚላከው ምራቅ የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው? ታዋቂዎቹ የምርመራ ኩባንያዎች ብዙውን ጊዜ ኢትዮጵያንና ኤርትራን በአንድ ላይ አጣምረው ይህን ያህል በመቶ ብለው ይልካሉ። አባቱም እናቱም ኢትዮጵያዊ የሆኑ ልጅ ይህን ለማወቅ ገንዘብ መክፈል ነበረበት? እኛ የምንቆጥረው እስከ ሰባት ቤት ነው። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ሲኬድ 128 አያቶች አሉ፤ በዲኤንኤው ውስጥ የእያንዳንዳቸው ድርሻ በአማካይ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ከዚያ ውስጥ የአንዷ ሴት ስም፣ ያገባችበት አገር፣ የተካፈለችው ርስት ከየት ይወጣል? ምራቅ ስም አይጠራም።

ስም የሚጠራው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም አለ። መሬት በትውልድ በሚወረስበት በርስት አገር፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አቅኚ አባቱ ጀምሮ ትውልዱን በእናትም በአባትም ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ባላጋራው ስም በስም ይሞግተዋል፤ ሽማግሌ ይመሰክራል፤ ዳኛ ይፈርዳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት እስኪሽር ድረስ የዘር ቆጠራ የኑሮ ጉዳይ ነበር። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀሩት የግብር ደረሰኞች፣ የውርስ ኑዛዜዎችና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች የዚያ ሙግት ቅሪቶች ናቸው። አያት ሲሞት ቤቱን የሚያጸዱት ልጆች እንደ ቆሻሻ የሚጥሉት ይህንኑ ነው፤ መዝገብ የለንም ተብለው አድገዋላ!

የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትንም እንይ። በወንጌሉና በመዝሙረ ዳዊቱ ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ከነምስክሮቹ ስም ተጽፏል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመውን የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ የሠራው ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎችን በማንበብ ነው። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ቅጂዎች አሜሪካ፣ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ከእነርሱ ብዙዎቹን ዘርዝረዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ሙስሊሙ ወገናችን ደግሞ በሐረር በሸሪፍ ሙዚየም የተሰበሰቡ የእጅ ጽሑፎች አሉት። አዲስ አበባ ውስጥ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክር፣ አለ፤ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን፣ ሹመትና ሽረት የተጻፈበት ነጋሪት ጋዜጣም አሉ።

የልደት ምዝገባ በመንግሥት ደረጃ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መሆኑ አይካድም። ታዲያ መዝገብ ማለት የልደት የምስክር ወረቀት ብቻ ነው ያለው ማነው? እንግዳው የቤተሰብ ስም በማሽን ፈልጎ ስላጣ መዝገብ የለም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም ነው ያለን። በብራና ላይ የሰፈረውም ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም ነው። የአያቱን የክርስትና ስም የማያውቅ ሰው አያቱ ከፊቱ ቢጻፉም አያገኛቸውም። የጎደለው መዝገቡ ሳይሆን ጠያቂው ነው።

ምራቁንስ ለማን ነው የምንሰጠው? በ2016 ዓ.ም. የዲኤንኤ ምርመራ የሚሸጠው የ23andMe ኩባንያ 6.9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ መግባቱ ታወቀ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። የሰው ዘር መረጃ በኪሳራ ለገዢ የሚቀርብ ሀብት ሆነ። ይህን ሳይናገሩ ወጣቱን ላክ፣ ላክ ማለት ኃላፊነት የጎደለው ነው።

ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት እያሉ የክርስትና ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ደብርና የአቅኚ አባታቸውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉ። የሣጥኑን ወረቀት አትጣሉ፤ ፎቶ አንሡት፤ ከዚያ ወመዘክር ሂዱ። መዝገብ የለም የሚላችሁን ሰው ደግሞ የት የት እንደፈለገ ጠይቁት።