ፈትቶ መሸጥ ወይስ በቁሙ? ጋራዣችን ውስጥ የቆመው ሞተር

ሃቫና ስትሪት አካባቢ ያደገ ልጅ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥና ሲገዛ እያየ ነው የሚያድገው። መንገዱን ይዛችሁ ወደ ፓርከር ሮድ ስትወርዱ የመኪና መሸጫዎቹ ከኮሪያ ገበያዎቹና ከእኛ ምግብ ቤቶች ጋር ተደባልቀው ተሰልፈዋል። እኛ ቤት ጋራዥ ውስጥ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሸጥ የቆመ ዕቃ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ወደ ቴክሳስ ሲሄድ ጥሎት የሄደው ዲርት ባይክ።

ባለ 250 ሲሲ፣ ጃፓን ሥሪት ነው። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ሴዳሊያ አጠገብ ወዳለው ራምፓርት ሬንጅ እየወሰደ ሲጋልበው ኖሯል። መቀመጫው ተቀዷል፣ ካቴናው ላልቷል፣ ሞተሩ ሲሞቅ እንደገና አልነሳም ይላል። ባለፈው ሰመር ደውሎ «ሽጪውና ገንዘቡን ለትምህርትሽ አድርጊው» አለኝ። በቁሙ ልሽጠው ወይስ ፈታትቼ በየዕቃው? ብዙዎቻችን ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞተር ወይም ያረጀ ኮሮላ ስለማይጠፋ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁ። በቁሙ 800 ዶላር የሚሰጥ ሰው ተገኘ። ጎማዎቹን ከነቸርኬያቸው፣ የፊት ፎርኩን፣ ካርቡሬተሩን፣ ራዲያተሮቹን፣ ማርሚታውን ለየብቻ ስደምር ደግሞ 1,300 ደረሰ። ደስ አለኝ። ግን ወረቀት ላይ ያለ ገንዘብ ኪስ ውስጥ እንዳለ አይደለም። የፖስታው፣ የመሸጫ ድረ ገጹ ድርሻና ፈላጊ የማያገኘው ዕቃ ሲቀነስ በግምት 1,000 ቀረኝ። ለ200 ዶላር ልዩነት መፍታት፣ ማጠብ፣ ፎቶ ማንሳት፣ «ለእኔ ሞተር ይገጥማል?» ለሚል ሁሉ መመለስ አለ። ቢያንስ 25 ሰዓት ይወስዳል ብዬ ገመትኩ። በሰዓት ስምንት ዶላር መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሁድ በረዳት ነርስነት ስሠራ ከዚህ እጥፍ በላይ ይከፈለኛል።

አባቴን ሳማክረው ቅርጫን አነሳልኝ። ለበዓል በሬ የሚታረደው ተካፋዮቹ ከታወቁና ገንዘቡ ከተዋጣ በኋላ ነው። ማንም አስቀድሞ አርዶ «ሥጋ የሚፈልግ አለ?» እያለ በየበሩ አይዞርም። ሞተር ፈትቶ መሸጥም እንደዚያው ነው። አንዴ ከተፈታ በቁሙ የነበረው ዋጋ አይመለስም። ጥሩ ጥሩው ዕቃ በመጀመሪያው ሳምንት ይሄዳል፤ ቆዳና አጥንቱ ጋራዥ ውስጥ ከእናንተ ጋር ይከርማል።

አባቴ አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ መለዋወጫ የሚገዛው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነበር። እዚያ አሮጌ መኪና ተፈታትቶ አንድ ብሎን ሳይቀር ገዢ ያገኛል። የተረፈውን ቁራሌው ይወስደዋል፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ነገር ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚያ ዕቃው ውድ ነው፣ የሰው ጉልበት ርካሽ። ኦሮራ ውስጥ ግን ተገላቢጦሽ ነው። አዲሱ ዕቃ በሁለት ቀን በር ላይ ይደርሳል፤ የሚጠፋው ሰዓት ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን «ፈትተሽ ሽጪው፣ ያዋጣል» ሲሉን አልተሳሳቱም፤ የሚያስቡት በሌላ ገበያ ሒሳብ ነው።

በቁሙ ልሸጠው ወሰንኩ። ገዢዋ እናቴ በቡና የምታውቃት ሴት ናት፤ ሞተሩ ለ16 ዓመት ልጇ ነው። ስለ ሞተር ምንም አታውቅም። «ነርስ አይደለሽ እንዴ የኔ ልጅ፣ አንቺ ደህና ነው ካልሽኝ ይበቃኛል» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሽያጭ ወረቀቱ የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ላነሳ መሪው ሥር ያለውን ጭቃ አጠብኩ። ከቁጥሩ በታች፣ መሪው ከሻንሲው በሚገናኝበት ብየዳ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር አየሁ። በጥፍሬ ነካሁት፤ ቀለሙ ተነሳ። ስንጥቅ ነው። አንድ በያጅ ዘንድ ወስደን አሳየነው። «ልበይደው እችላለሁ» አለ፤ «ልጄን ግን አላስቀምጥበትም።»

እውነቱን ለመናገር ሁለት ቀን ዝም አልኩ። 800 ዶላሩን በሐሳቤ ለመጻሕፍትና ለስቴቶስኮፕ ከፋፍዬው ነበር። ወንድሜም «እኔ እስከ መጨረሻው ነድቼዋለሁ፣ ምንም አልሆንኩ። ያገለገለ ዕቃ እንዳለ ነው የሚሸጠው» አለኝ። አባቴ ግን «ገበያ ላይ የሚዋጋ በሬ እንኳ ‹ይዋጋል› ተብሎ ነው የሚሸጠው» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ነግሬያት በርካሽ ብሸጥላትስ? እሱንም አሰብኩት። ግን እሷ ስንጥቁን ብታውቅም የሚጋልበው ልጁ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መዝለሉ አይቀርም። ሲያርፍ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያችው ብየዳ ላይ ነው። «እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚለው ቃል ከክስ ያድነኝ ይሆናል። ያቺን ሴት ግን በየቡናው አገኛታለሁ። እዚህ አገር አንዳችን ከሌላው መኪና የምንገዛው፣ ልጅ የምናስጠብቀው፣ ዕቁብ የምንጥለው ወረቀት አይተን ሳይሆን ሰው አምነን ነው። እሱን በ800 ዶላር መሸጥ ርካሽ ነው።

ስለዚህ በሒሳብ የማያዋጣውን መረጥኩ፤ ፈታነው። በነርሲንግ የመጀመሪያ ዓመት የሚያስተምሩን ከማንኛውም እርምጃ በፊት መመርመር ነው። እኔ ከዋጋ ጀመርኩ፤ ቅደም ተከተሌ ስህተት ነበር። አሁን ብጠየቅ መጀመሪያ አጥባችሁ እዩት እላለሁ፤ ሻንሲውን፣ ፍሬኑን፣ ፎርኩን። ደህና ከሆነና ታይትሉ በእጃችሁ ካለ በቁሙ ሽጡት፣ የማይሠራውንም ጽፋችሁ ስጡ። ሻንሲው ካልታመነ ፍቱት፤ ግን መጀመሪያ ለትልልቆቹ ዕቃዎች ገዢ ፈልጉ። የተቃጠለ ዘይቱን ፍሳሽ ውስጥ አትድፉት፤ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች ይቀበላሉ። «ሻንሲውንና ታይትሉን ብቻ ሽጡልኝ» ከሚል ሰው ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የእናንተ ወረቀት ለተሰረቀ ሞተር መታወቂያ ሊሆን ይችላል። እኛ ሻንሲውን በመጋዝ ቆርጠን ለብረት ገዢ ሰጠነው።

እስካሁን 610 ዶላር አግኝቻለሁ። የኋላው ጎማ ገና አልተሸጠም፤ ከአናቶሚ መጽሐፌ አጠገብ ቆሟል።

ለሴትዮዋ ደውዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እግዜር ይስጥሽ» አለች። ቀጥላም «እንግዲያው የወንድምሽን ሄልሜት ሽጪልኝ» አለችኝ። ወንድሜ በሱ አንዴ ወድቆበታል። ሄልሜት ደግሞ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ሁለተኛ አያድንም፤ ከውጭ ደህና ቢመስልም። እሱንም አልሸጥኩላትም። አዲስ ሲገዙ አብሬያቸው እንደምሄድ ቃል ገባሁላት።