ቤት ሲጠብ

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጌዴኦ ውስጥ በጤና ሥራ ላይ የነበርን ሰዎች ስንገናኝ እስከ ዛሬ የምናነሳው ስለ ኩፍኝ፣ ስለ ተቅማጥና ስለ ምግብ እጥረት ነው። ሪፖርት ይጻፍ የነበረውም ስለ እነዚሁ ስለሆነ አይፈረድብንም። ለእኔ ግን ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ክፍሉ ነው። ክፍል ስል የተማሪ ክፍል ማለቴ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ዴስኮቹ ውጭ ዝናብ ላይ ተደራርበዋል፤ ወለሉ ላይ ስድስት ሰባት ቤተሰብ አንድ ላይ ሰፍሯል። በቤተሰብና በቤተሰብ መካከል ያለው ድንበር የተሰቀለ ነጠላ ወይም የተደረደረ ጄሪካን ነው።

ነገሩን ለማታስታውሱ ባጭሩ ልንገራችሁ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች ግጭት ተነሳ፤ በሰኔ ደግሞ ባሰበት። ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። አብዛኛው ከምዕራብ ጉጂ ወደ ጌዴኦ የገባ ነበር፤ ወደ ጌዴብ፣ ወደ ኮቾሬ፣ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ዲላ ዙሪያ። ሁለቱ ሕዝቦች ተጋብተው፣ ተዋልደውና ገበያ ተጋርተው የኖሩ፣ ሲጣሉም በጎንዶሮ ሥርዓት የሚታረቁ ናቸው። ስለ ግጭቱ መነሻ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የማውቀው ሰው ከሸሸ በኋላ የት እንደተኛ ነው።

ጌዴኦ ቀድሞውንም ትርፍ ቦታ ያለው አገር አይደለም። በገጠር የሕዝብ ጥግግት ከአገራችን ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መጋዘን፣ ተጀምሮ የቀረ ሕንፃ ሁሉ ሞላ። ጌዴብ በሰኔ ምን ያህል እንደሚበርድ ያየው ያውቃል። በር የሌለው ሕንፃ ውስጥ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ፣ ከልጅ ጋር!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጌዴኦ ገበሬ ቤቱ ግድግዳው ብቻ አይደለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልክዓ ምድር እኮ ሌላ አይደለም፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ እንሰቱ ደጃፍ ላይ፣ ቤቱ መሐል። እናት የምትፍቀው፣ አያት ፀሐይ የሚሞቁት፣ ሕፃን የሚድኸው ጓሮ ነው። ማታ የሚገባበት ጎጆ ትንሽ ቢሆን የማይከፋው ቀኑን የሚውለው ውጭ ስለሆነ ነው። ያ ቤተሰብ ጓሮውን ተነጥቆ አንድ የተማሪ ክፍል ጥግ ሲሰጠው፣ በሜትር ስትለኩት ከጎጆው ብዙም ላያንስ ይችላል፤ በኑሮ ግን ከቤቱ ውስጥ ዐሥር እጅ ዘጠኙን አጥቷል። የተቀበረው ቆጮም እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል።

በእንዲህ ያለ ክፍል በሽታ የሚሄድበት መንገድ ይገርማችኋል። እከክን እንውሰድ። እከክ የድህነት ወይም የቆሻሻ ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ሰው ስለሚያፍር ይደብቀዋል። እውነቱ ግን እከክ የሚያመጣው በዓይን በቀላሉ የማይታይ ተባይ ነው፤ የሚፈልገውም ቆሻሻ ሳይሆን የሌላ ሰው ገላ ነው። አንድ ሰሌን ላይ አምስት ልጅ ከተኛ በየቀኑ የሚታጠብ ልጅም ይይዘዋል። አንዲት እናት ያለችኝን አልረሳውም፦ «ሲስተር፣ ቅባቱን የሰጣችሁኝ ለአንዱ ልጅ ነው። አብረውት የሚተኙት አራት ናቸው። ነገ ተመልሶ ይይዘዋል፤ ታዲያ ምን ብዬ ልቀባው?» ትክክል ነበረች። ቢቢኤል የምንለው ቅባት የሚሠራው የሚያሳክከውም የማያሳክከውም፣ አብሮ የሚያድረው ሁሉ በአንድ ቀን ሲቀባ ነው፤ በዚያው ቀን ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መዋል አለበት። ሰባት ቤተሰብ ባለበት ክፍል አብሮ የሚያድረው ሁሉ ማለት ከሠላሳ ሰው በላይ ነው። ውኃውስ? ሙቅ ውኃ በምን ማገዶ? ቅባቱ በእጃችን እያለ ቤቱ አሸነፈን ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሌላው ሪፖርት ላይ የማይገባው ሌሊቱ ነው። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ አልነበራቸውም። የወር አበባ ጨርቃቸውን አጥበው የሚያሰጡበት ስላጡ እርጥቡን ይለብሱት ነበር። ባልና ሚስት ለሹክሹክታ የሚሆን ጥግ አጡ። ሽንት ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ሴቶች ሌሊት እንዳይነሱ ከሰዓት በኋላ ውኃ አይጠጡም ነበር፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ይዘው የሚመጡት ለምን እንደበዙ የገባኝ ይህን አንዷ ስትነግረኝ ነው። ሽማግሌዎች ደግሞ ሰው ሳይረግጡ መውጣት ስለማይችሉ ቁጭ ብለው ያድሩ ነበር።

ይህ ሁሉ የመጠለያው ነው። መጠለያ የገባው ደግሞ ቢያንስ ይቆጠራል። ዘመድ ቤት የገባውስ? ዲላ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተው፣ ሽንት ቤት ከአራት አባወራ ጋር ተጋርተው ከሚኖሩ ሰዎች ላይ የወንድም ቤተሰብ፣ የሚስት እህት ከነልጆቿ ተጨመሩ። ማንም «አልቀበልም» ሲል አልሰማሁም። ይህን በኩራት እናገራለሁ። ነገር ግን እርዳታ ሲመጣ እንግዳውም አስተናጋጁም ከሰልፉ ውጭ ሆኑ፤ አንዱ መጠለያ አልገባም ተብሎ፣ ሌላው አልተፈናቀለም ተብሎ። በእንዲህ ያሉ ቤቶች የልጅ ክብደት ሲቀንስ ያየሁት በእንግዶቹ ልጆች ላይ ብቻ አልነበረም።

አሁን ትንሽ ራቅ ወዳለ አገር ልውሰዳችሁ። ፖርትላንድ የምትባል፣ የእኛም ሰዎች የሚኖሩባት የአሜሪካ ወደብ ከተማ አለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካይዘር የመርከብ ፋብሪካዎች እዚያ ሌሊትና ቀን በፈረቃ ይሠሩ ነበር፤ ከየክፍለ ግዛቱ ሥራ ፈልጎ የመጣው ሰው ቁጥር ስፍር አልነበረውም። ቤት የለም። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ የወደብ ከተሞች ሰው መኪና ውስጥ ያድር ነበር፤ አልጋም በፈረቃ ይከራይ ነበር። የሌሊት ሠራተኛው ሲመጣ የቀን ሠራተኛው ይነሳል፤ አልጋው ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይተኛበታል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1942 በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር፣ ረግረግ ሜዳ ላይ፣ ቫንፖርት የተባለ ከተማ ከእንጨት በጥድፊያ ተሠራ። ከ40,000 በላይ ሰው ገባበት። ግድግዳው ስስ ስለነበር የጎረቤት ሳል ይሰማል።

ንጽጽሩ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እነዚያ ለደመወዝ የመጡ ናቸው፤ የእኛዎቹ ነፍሳቸውን ይዘው የሸሹ። እኔን የሳበኝ ስለ ልጆች ያደረጉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በፋብሪካዎቹ በር ላይ ሁለት ትልልቅ የሕፃናት ማቆያ ተከፈተ። እናት ሌሊት ስትሠራ ልጇ እዚያ ይተኛል። ልጅ ሲገባ ነርስ ታየዋለች፤ ያመመው ለብቻው ክፍል አለው። እናት ከፈረቃ ስትወጣ ደግሞ የበሰለ እራት ገዝታ ከልጇ ጋር ይዛ ትሄዳለች። ይህን ያሰበ ሰው ስለ ድካም ያውቃል! ምግብ ማብሰያ ጥግ የሌላት፣ በእግሯ መቆም ያቃታት እናት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ይህ ነው። ጌዴብ ላይ በየክፍሉ ሰባት ጉልቻ ከሚጨስ አንድ የጋራ ማብሰያ ዳስ ውጭ ቢሠራ ስንት የሕፃን ሳል ይቀር ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ማቆያዎቹ ተዘጉ። ቫንፖርት ጊዜያዊ ነው የተባለው ከተማ ግን አልፈረሰም፤ ሌላ ቦታ ቤት የሌላቸው፣ በተለይ ጥቁሮች ስለሆኑ በከተማው ሌሎች ሰፈሮች ቤት የሚያከራያቸውና የሚሸጥላቸው ያጡ ቤተሰቦች ቀሩበት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1948 ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ሳለ የቤቶቹ አስተዳደር ግድቡ ደህና ነው፣ አትደንግጡ የሚል ወረቀት በየቤቱ አደለ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ጥሶ ገባና ከተማው በውኃ ተዋጠ። ቢያንስ 15 ሰው ሞተ፤ 18,500 ያህል ሰው ያለ ቤት ቀረ።

«ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል እፈራዋለሁ። በእኛም ዘንድ ሰው በሰኔ 2010 ዓ.ም. ክፍል ውስጥ ሲገባ ለጥቂት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሊጀመር ሲል ተፈናቃዩ የት ይሂድ፣ ተማሪው የት ይማር የሚለው መጣ። ብዙዎቹ እስከ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ቆዩ። አንድ ዓመት ለእኔና ለእናንተ ቶሎ ያልፋል፤ ለሦስት ዓመት ሕፃን ግን የዕድሜው ሲሶ ነው። መናገር የጀመረው፣ ለሽንቱ «እማዬ» ማለት የተማረው፣ እንቅልፍ ምን እንደሆነ ያወቀው እዚያ ነው። ከተመለሱም በኋላ ብዙዎች ያገኙት የተቃጠለ ቤት ነው፤ ሸራ ወጥረው እንደገና ጀመሩ። ቀርከሃ ቢገኝ ጎጆ በሳምንታት ይቆማል፤ እንሰት ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል።

ዛሬም ቢሆን በአንድ ምክንያት ወይም በሌላ ዘመድ ቤቱ ያስጠጋ አንባቢ አይጠፋም። ስለዚህ ከሙያዬ ጥቂት ልበል። ሰው በዝቶ አንድ ፍራሽ ላይ የሚተኛ ከሆነ አንዱ ራስጌ ሌላው ግርጌ ይሁን፤ ትንፋሽ ለትንፋሽ ባለመገናኘቱ ብቻ ሳልና ጉንፋን ይቀንሳል። መስኮት ቢበርድም በቀን ይከፈት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ካለ፣ እንግዳ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንግዳ ልጆች ሲመጡ ከሁሉ አስቀድሞ የክትባት ካርዳቸውን ጠይቁ፤ ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት።

ከሰልን በተመለከተ ግን እለምናችኋለሁ። ከሰል እየጋመ በር ዘግቶ መተኛት ነፍስ ያጠፋል። ጭሱ ቢያልቅም የማይታይና የማይሸት መርዝ አለው። ብዙ ሰው ባለበት ጠባብ ክፍል፣ ብርድ ባለበት ሌሊት፣ ሙቀቱ ያባብላል። ምድጃው ፍም እያለው ውጭ ይደር፤ ሌባ ቢወስደው ይውሰደው።

ለአያቶች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። በተጨናነቀ ቤት ጠብ የሚነሳው ከትንሽ ነገር ነው፤ ከዘይት፣ ከሳሙና፣ ከልጅ ዱላ። ማን ምን እንደሚገዛ፣ የማን ልጅ በማን እንደሚቀጣ በመጀመሪያው ሳምንት ቢነገር ይሻላል፤ ይህን መናገር የሚያምርበት ደግሞ የቤቱ ትልቅ ሰው ነው። ሶንጎ ላይ ተቀምጠው የሰው የመሬት ድንበር የሚያስታርቁ አባቶች በገዛ ቤታቸው ስለ ዘይት ሲሆን ዝም ሲሉ አይቻለሁ! ሴት ልጅ ያለችበት ቤት አንድ ጥግ በመጋረጃ ይከለል፤ አሮጌ አንሶላ ይበቃል። ሌሊት የሚነሱ ሽማግሌ በር አጠገብ ይተኙ።

እከክ የያዘው ሰው ካለም አትደብቁት። ቅባት ስትጠይቁ «ቤት ውስጥ የምናድረው ይህን ያህል ነን» ብላችሁ ቁጥሩን ተናገሩ፤ እንግዶቹንም ቆጥራችሁ። ሁላችሁም በአንድ ምሽት ተቀቡ። ከዚያ በኋላ ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ከወር ካለፈ ግን ተመልሳችሁ ታዩ።