የሐረር ነጋዴና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ውል ቢተሳሰሩ

ከሐረር እስከ ሐረማያ ያለው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን በጀጎል ውስጥም ሆነ ከጀጎል ውጭ የምንነግድ ሰዎች ስለዚያ ታላቅ የትምህርት ቤት የምናውቀው፣ ልጆቻችን ተምረው መመረቃቸውንና ሕመምተኞቻችን በሕይወት ፋና ሆስፒታል መታከማቸውን ብቻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ስለዚህ የተከበሩት የምክር ቤታችን አባሎች ይመለከቱት ዘንድ አንድ አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት መነሻነት የተቋቋመውና በ1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተመረቀው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሦስት ሥራ ነበረው። ይኸውም ማስተማር፣ መመራመር፣ የተገኘውንም ዕውቀት እስከ ገበሬው ደጅ ማድረስ ነው። ሦስተኛው ሥራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረና ኮሌጁ በቀሩት በሁለቱ ጸና። ዛሬ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ማኅበረሰብን ማገልገልን ከዩኒቨርሲቲዎች ተግባር ቢቈጥረውም፣ አዋጅ ብቻውን በር አያንኳኳም።

ተነጋግሮ አለመሥራት የሚያስከትለውን ጉዳት ሐረር በሐይቁ አይታዋለች። ከተማችን ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ይስብ ነበር፤ ከተማው በቧንቧ ይወስድ ነበር፤ ከተራቈተው ኮረብታ የሚወርደውም ደለል ወለሉን ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ ውሃ እስኪሳብልን ድረስ ጀሪካን ይዞ ያልተሰለፈ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። የሚያሳዝነው ግን፣ ሐይቁ ከመድረቁ አስቀድሞ ተመራማሪዎች ስለ መመንመኑ ጽፈው ነበር፤ የጻፉትም በእንግሊዝኛ፣ ለባሕር ማዶ መጽሔት ነው። ሞተር የሚያስነሣው ገበሬም፣ ጫቱን የሚጭነው ነጋዴም ያንን መጽሔት አልተመዘገበበትም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃው መመለስ መጀመሩ ደስ ያሰኛል።

አሁን ደግሞ ተራው የቡናው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ወደ አገሮቹ የሚገባ ቡና ሁሉ ደን ተመንጥሮ ያልተተከለ መሆኑና የበቀለበትም ማሳ በምድር ላይ ያለበት ቦታ በቍጥር ተለክቶ መታወቅ አለበት። የሕጉ መፈጸሚያ ጊዜ ቢራዘምም ጥያቄው አልቀረም። በጸሐፊነት ሥራዬ ከውጭ አገር ገዢዎች የሚመጡትን ደብዳቤዎች ስከፍት፣ ቀድሞ ስለ ዋጋና ስለ ጣዕም ይጠይቁ የነበሩት ዛሬ ስለ ማሳው ይጠይቃሉ። በፀሐይ የደረቀው የሐረር ቡና የሚሰበሰበው ከብዙ ሺህ ትንንሽ ማሳዎች ነው። ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት እየተከለ ባለበት በዚህ ዘመን፣ ገዢም ከታጣ የቀረውን ለመንቀል ምን ያግደዋል?

ሥራው ከባድ አይደለም። ሕጉ ከአራት ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ተማሪ ስልኩን ይዞ ሊለካው ይችላል። ከባዱ መታመኑ ነው። መሬቱን የሚለካ እንግዳ ሲመጣ ገበሬው ግብር ወይም ነጠቃ የመጣበት ይመስለዋል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ ተማሪውን የሚያስተዋውቅ የታመነ ማኅበር ያስፈልጋል። በከተማው አፎቻ፣ በገጠሩም አፎሻ አለን። ቀብርንና ሠርግን በመረዳዳት የሚያቋቁሙት እነዚህ ማኅበራት ማን በየት እንዳለ ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ ያውቃሉ። ዩኒቨርሲቲውም ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ በቀርሳ ወረዳ ከ2000 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ልደትና ሞት ይመዘግባል።

እንግዲህ የምለምነው፣ ምክር ቤታችን፣ ማኅበራቱና ዩኒቨርሲቲው ሦስትዮሽ ውል እንዲዋዋሉ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚረሳውን ዐይነት ሰነድ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው በየመሥሪያ ቤቱ መሳቢያ ሞልቷል። ውሉ ከሦስት ዓመት ባያንስ መልካም ነው፤ ኀላፊዎች ሲለወጡ ሥራው ይቋረጣልና። ውጤቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪ ይነገር። የማሳዎቹ መዝገብ የእኛ የነጋዴዎች ሳይሆን የገበሬዎቹ ማኅበር ንብረት ይሁን፤ ይህን ስል ፊታቸውን የሚያጠቍሩብኝ አባሎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ነገር ግን መዝገቡን ይዞ ገበሬውን በዋጋ የሚያስጨንቅ ነጋዴ ከተገኘ ሁለተኛ የሚያስለካ አይኖርም።

«ዩኒቨርሲቲው ከመንግሥት በጀት አለው፤ እኛ ስለ ምን እንክፈል?» የሚል ክርክር ከወዲሁ ይሰማኛል። የመምህሩን ደመወዝ እንድንከፍል የጠየቀን የለም። የሚፈለግብን የተማሪዎቹ መጓጓዣና የቀን አበል ነው፤ ይህም በወደብ ከሚመለስ የአንድ መኪና ቡና ኪሣራ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ዘንድሮ በአንድ ቀበሌ ቢጀመር ይበቃል፤ ቀበሌውም ቡናው ከመለቀሙ በፊት ቢመረጥ ይሻላል።