ጣቢያ ጌጥ ነውን?

«ገበያ አጥርና ቆርቆሮ ካለው ምን ጐደለው? ባቡርስ ሐዲድ ካለው ጣቢያው ምን ያደርግለታል?» የሚል አነጋገር ከሹማምንቱም ከመሐንዲሶቹም አፍ ተደጋግሞ ይሰማል። አነጋገሩ የቁጠባን ልብስ ስለ ለበሰ ደፍሮ የሚቃወመው ሰው ጥቂት ነው፤ የድኻ አገር ገንዘብ በጌጥ ይባክን ብሎ ማን ይከራከራል? እኔ ግን ልከራከር ተነሥቻለሁ፤ ምክንያቱም በጌጥ ስም ከዕቅዱ የሚሰረዘው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሕንፃው ዋና ሥራ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ከፎገራ ልጀምር። ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር የሚወጣው መንገድና ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ መንገድ የሚጋጠሙት ወረታ ላይ ነው። በዚህ መጋጠሚያ ዙሪያ የተንጣለለው ሜዳ፥ ርብና ጉማራ በየክረምቱ ደለል የሚያለብሱት፥ ከጣና ዳር ተነሥቶ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ አቅጣጫ የሚዘረጋው ዋልካ፥ ቀድሞ ስሙ የሚጠራው በላሞቹ ነበር። ከደርግ ዘመን ወዲህ ግን ሩዝ ገባበትና ሁለተኛ ስም አወጣ፤ የጅግና ቀበሌም ስሙን «ኤክስ ጅግና» ለሚባለው የሩዝ ዘር አውሷል።

በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ሲሰበሰብ ወረታ በሩዝ ትሞላለች። ገበሬው ጆንያውን ከጋሪ አውርዶ በፀሐይ ይቆማል። ነጋዴው መጥቶ ከጆንያው አፍ አንድ እፍኝ ይዘግናል፤ በመዳፉ ላይ ያገላብጠዋል፤ አንዲቱን ፍሬ በጥርሱ ሰበር ያደርጋታል። የቀትሩ ፀሐይ በነጩ ፍሬ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ሁለቱም ዓይናቸውን ያጠባሉ።

«ስባሪ ይበዛዋል፤ እርጥበትም አለው» ይላል ነጋዴው።

«ኧረ ጌታው፥ ደርቋል! እስቲ በጥላ ይዩት» ይላል ገበሬው።

ጥላው ግን የለም። የዓመት ድካም ዋጋ የሚቈረጠው ገዥም ሻጭም አጥርተው በማያዩበት ብርሃን ነው፤ በእንደዚህ ያለ ጊዜ ደግሞ ጥርጣሬው ሁሉ የሚወድቀው በሻጩ ላይ ነው።

አሁን አንባቢን ወደ እንግሊዝ አገር ይዤ ልሻገር፤ ለዚሁ ለብርሃን ጉዳይ ሲባል ታላቅ ሕንፃ የተሠራበት ቦታ አለና። ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1837 እስከ 1901 በነገሠችበት ዘመን እንግሊዞች የባቡር ጣቢያና የገበያ አዳራሽ በመሥራት የታወቁ ሆኑ። ሊድስ በምትባለው ከተማ ከትበርት ብሮድሪክ የተባለው የሕንፃ ሊቅ የሠራው የእህል ገበያ በ1863 ተከፈተ። አዳራሹ እንደ ዕንቁላል የሞላለ ነው፤ ጣራውም ታላቅ ጕልላት ሆኖ በስተ ሰሜን በኩል በመስተዋት ተከፍቷል። ይህን ያደረገው በሕልሙ ታይቶት አይደለም። የእህል ነጋዴ ናሙናውን በመዳፉ ይዞ ሲመረምር ቀጥተኛ ፀሐይ ዓይኑን እንዳይወጋውና ጥላም እንዳያሳስተው፥ ከሰሜን የሚገባው ረጋ ያለ ብርሃን ለሁሉም እኩል ይደርሰዋል። እንግዲህ ያ ጕልላት ጌጥ ነውን? እኔ ከሚዛኑ ለይቼ አላየውም።

የለንደኑን የቅዱስ ፓንክራስ ጣቢያም ልጥቀስ። ዊልያም ባርሎ በ1868 የዘረጋው የብረትና የመስተዋት ጣራ 73 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቦታ መካከል ላይ አንድም ምሰሶ ሳይተክል ያለብሳል። ከባቡሮቹ ወለል በታች ያለው ምድር ቤት ከበርተን ከተማ ለሚመጣው ቢራ ማኖሪያ ስለ ታሰበ፥ ባርሎ የምሰሶዎቹን ርቀት የመጠነው በቢራው በርሜል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በትርፍ ወጪ የሚከሰሰው! ጊልበርት ስኮት ከፊቱ በጡብና በሹል ግንብ የደረደረውን ሆቴል ግን ወዳጆቹ ያድንቁት፤ ሥዕሉን ባየሁ ቍጥር የካህን ካባ ደርቦ ገበያ የወጣ ነጋዴ ይመስለኛል።

የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ደግሞ ልክ እንደ እኛ ሹማምንት መናገር ጀመሩ። «አርጅቷል፥ ቦታ ይይዛል፥ ለዘመኑ አይስማማም» እያሉ በ1961 የዩስተንን ጣቢያ ታላቅ ደጅ ማፍረስ ጀመሩ፤ በ1962 ደግሞ ከ1849 ጀምሮ የቆመውን የለንደን የድንጋይ ከሰል ገበያ አፈረሱ። ቅዱስ ፓንክራስም ለጥቂት ተርፎ በ1967 በሕግ ተጠበቀ። ከ2007 ጀምሮ በባሕር ሥር አቋርጠው ከፓሪስ የሚመጡት ፈጣን ባቡሮች የሚቆሙት በዚያው በባርሎ ጣራ ሥር ነው። ለዘመኑ አይስማማም የተባለው ያ ነበር።

ሐዲድ ያለ ጣቢያ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሚፈልግ ግን ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። የቅዱስ ፓንክራስ ጣራ በተዘረጋበት በዚያው በ1868፥ እንደ እኛ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው፥ የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወርዶ ወደ ደጋው የሚያቀና አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ሐዲዱ ስንቅና መሣሪያ አመላለሰ፤ ጦሩም መቅደላ ድረስ ዘለቀ። ከወረታ በስተ ምሥራቅ፥ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፥ በአውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ ያስቀልጡ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያ ዘመቻ ወደቁ። ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱን ነቅሎ ሄደ። በአገሩ የጣቢያ ሊቅ የነበረው ሕዝብ በእኛ ዘንድ አንዲት የመንገደኛ መጠለያ እንኳ አልተከለም፤ የሚቀበለው መንገደኛ አልነበረውምና። የመጣው ዕቃ ለማመላለስ ብቻ ነበር።

ከዚህ ጋር ለገሃርን ማስተያየት ይገባል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፈቀዱት የምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። ዋናው የድንጋይ ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1923 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፊቱ ቆመ። ጣልያን አንበሳውን ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ ኋላ ተመልሶ በቦታው ገባ። ሠሪዎቹ ፈረንሳዮች ስለ ነበሩ የቪክቶሪያ ዘመን ሥራ ነው ልንለው አንችልም፤ ሐሳቡ ግን የዚያው ዘመን ነው፤ ከባቡር የወረደው እንግዳ በትልቅ ደጅ ወጥቶ ከተማይቱን ፊት ለፊት እንዲያይ ያደርገዋል። ሕዝቡም «ጣቢያ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ወስዶ የሰፈር ስም አደረገው። ባቡሩ መምጣቱን ካቆመ ወዲህ እንኳ ሰው «ለገሃር እንገናኝ» ማለቱን አልተወም።

በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የለቡ ጣቢያው ሰፊና አዲስ ነው፤ ነገር ግን ከከተማው ዳር ስለ ተተከለ መንገደኛው ከባቡሩ ወርዶ ከተማ ለመግባት ሌላ መኪና መፈለግ አለበት። «ለቡ ጣቢያ እንገናኝ» ብሎ የሚቀጣጠር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መሐንዲሶቹ ለዚህ መልስ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ መስመሩ በይበልጥ ለጭነት የታሰበ ነው፥ በመሐል ከተማም ሐዲድ ማስገባት ቀላል አይደለም ይላሉ። መልሱን እቀበለዋለሁ። የምፈራው ግን ይኸው መልስ ነገ ወረታ ላይ ሳይመረመር እንዳይደገም ነው።

ወረታን የማነሣው በከንቱ አይደለም። በብሔራዊው የባቡር መስመሮች ዕቅድ ከባሕር ዳር፥ ከወልድያና ከመተማ የሚመጡት መስመሮች የሚገናኙባት ቦታ ሆና ተሥላለች። ሐዲዱ ገና አልደረሰም፤ ደረቅ ወደቡ ግን ቀድሞ ተሠርቷል። ለኮንቴይነሩ ማረፊያ ተገኘለት ማለት ነው። ሩዙን ተሸክሞ ለሚመጣው ሰውና ቲማቲሟን በመንገድ ዳር ለዘረጋችው ሴት ግን ማረፊያ ሲጠየቅ ያን ጊዜ «ጌጥ» የሚለው ቃል ይመዘዛል።

ሌሎች ደግሞ «ገበያው ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል፤ ከእንግዲህ አዳራሽ ለምኔ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገዥና ሻጭ በአንድ አዳራሽ ተፋጠው፥ መዳፍ ለመዳፍ ተመታትተው ይዋዋሉ ነበር፤ ኋላ ግብይቱ በኤሌክትሮኒክ ሆነ። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ደረጃው የተቈረጠለትን ምርት ነው። ደረጃውን የሚቈርጠው ከጆንያው አፍ የዘገነው እጅና ያንን የሚያየው ዓይን ነው፤ እጅና ዓይን ደግሞ ጥላና ብርሃን ይፈልጋሉ።

እንግዲህ የሊድስ ጕልላት ተገልብጦ ፎገራ ላይ ይተከል እያልሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በዚህ ፀሐይ የመስተዋት ጣራ ቢሠራ ገበሬውም ነጋዴውም እንደ ዳቦ ይጋገራሉ። በየከተማው መስተዋት የሚያለብሱ አልሚዎች ይህን ቢያስቡት መልካም ነበር። መቅዳት የሚገባው የብሮድሪክ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ምን ይዞ ይቆማል፥ ምንስ ማየት ይፈልጋል ብሎ ነበር የጀመረው። ጥያቄው ወረታ ላይ ሲጠየቅ መልሱ ሌላ ሆኖ ይመጣል። ሜዳው በክረምት ስለሚጥለቀለቅ ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፤ ዋልካው በውኃ የሚያብጥ በበጋ የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ መሠረቱ ይጥለቅ። ሩዝ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡቡ በድንጋይ ግንብ ይዘጋ፥ ሰሜኑ ይከፈት፤ በዚያ ወራት ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ዓይን አይወጋም። ድንጋይ ጠራቢ ከወዴት ይመጣል የሚል ካለ፥ በዚያው በጐንደር መንገድ ወደ እንፍራዝ ሲደርስ ቀና ብሎ የጉዛራን ግንብ ይመልከት፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው።

ይህ ሁሉ ከተራው የቆርቆሮ ዳስ ይልቅ ጥቂት ገንዘብ ይጨምራል፤ አልክድም። ገበሬው በየዓመቱ «ስባሪ ይበዛዋል» እየተባለ የሚቀነስበትስ በማን መዝገብ ተጽፎ ያውቃል? ሥዕሉ በጠረጴዛ ላይ በሚዘረጋበት ቀን ከመሐንዲሱ ጐን አንድ የጅግና ገበሬ እፍኝ ሩዙን ይዞ ይቁም፤ በየት በኩል ዞሮ እንደሚያሳይ እርሱ ያመልክታቸው።