ያንን ወረቀት አትፈርሙ

የተወደዳችሁ በጌታ ወጣቶች፣

እዚህ አሜሪካ በምትማሩበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመሳሳይ ፆታ ዝንባሌ ያላቸው ተማሪዎች የሚደጋገፉበት ክበብ ሊከፈት ነው ሲባል፣ ከእኛ ወገን ቶሎ የሚሰማው ድምፅ «ፊርማ እናሰባስብ፤ እናስዘጋው» የሚል ነው። ወላጆች ይደዋወላሉ፣ ጉዳዩ የጸሎት ርእስ ይሆናል፣ ወረቀቱም ከአምልኮ በኋላ በአዳራሹ ይዞራል። ይህን የምጽፈው ወረቀቱ እጃችሁ ሲደርስ ሳትፈርሙ እንድትመልሱት ልመክራችሁ ነው።

ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ኪዳን እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ እኔም ይህንኑ አስተምራለሁ። ይህን ማመን ግን የሌላውን ልጅ መሰብሰቢያ ክፍል ለማስዘጋት መብት አይሰጠንም።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። ብዙዎቻችሁ በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ቅዱስ የምታጠኑበት ክበብ አላችሁ። ያ በር የተከፈተው በትግል ነው። በ1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኮንግረስ የእኩል ዕድል ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሬጋንም ፈረሙበት። ሕጉ እንዲወጣ አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ነበሩበት። ሕጉ የሚለው ይህን ነው፦ ከመደበኛው ትምህርት ጋር ያልተያያዘ አንድ ክበብ እንኳ የፈቀደ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሌላውን ክበብ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካው ወይም በሚናገረው ሐሳብ ምክንያት ሊከለክል አይችልም። በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ የክርስቲያን ተማሪዎች ክበብ በተከለከለ ጊዜ ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1990 ፍርድ ቤቱ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደላቸው።

ዛሬ የምንቃወመውን ክበብ የሚጠብቀውም ይኸው ሕግ ነው። በ1995 በሶልት ሌክ ሲቲ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ክበብ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። የትምህርት ቦርዱ እነርሱን ብቻ ለይቶ መከልከል ሕጉ ስላላስቻለው፣ በ1996 ከመደበኛ ትምህርት ጋር ያልተያያዙ ክበቦችን ሁሉ አገደ። እገዳው የተነሣው በ2000 ነው። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይላሉ አባቶቻችን። የፈረማችሁበት ወረቀት ከተሳካ አብሮ የሚዘጋው የእናንተው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሊሆን ይችላል።

«እኛ ግን እውነትን ይዘናል» የሚል አይጠፋም። ጌታ ግን ሌሎች እንዲያደርጉልን የምንፈልገውን እንድናደርግላቸው ሲያዝ፣ በእምነት ለሚመስሉን ብቻ አላለም። ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 በውጭ ባሉት ላይ መፍረድ የእርሱ ሥራ እንዳልሆነ ይናገራል። እኛ በውስጥ ያለውን ስግብግብነትና ሐሜት በዝምታ አልፈን በውጭ ባለው ላይ ፊርማ እናሰባስባለን።

ደግሞ የማን ልጆች እንደሆናችሁ አትርሱ። በንጉሡ ዘመን የሙሉ ወንጌል አማኞች ሕጋዊ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ተሰብስበው በመጸለያቸውም ታስረዋል። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ በየቤቱ በሹክሹክታ ዘምረዋል። «ጴንጤ» የሚለው ስም በየትምህርት ቤቱ መሰደቢያ ነበር። መሰብሰብ ሲከለከል ምን ያህል እንደሚያም እያወቀ ሌላውን የሚከለክል ሕዝብ፣ የራሱን ታሪክ ረስቷል።

ከሁሉ በላይ የልጆቹ ሕይወት አለ። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማእከል በ2021 በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ካላቸው ተማሪዎች 22 በመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረዋል፤ ከሌሎቹ ተማሪዎች ደግሞ 6 በመቶ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ በእኛ መዘምራን መካከል ቆሞ ይሆናል። ለቤተሰቡ ቢናገር «አገር ቤት እንልክሃለን» መባልን ይፈራል፤ ለእኛ ቢናገር ደግሞ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቤቱ መግባቱን ይፈራል። ታዲያ የት ሄዶ ይናገር?

«ክበቡ ልጆቻችንን ያበላሻል» ለሚሉ መልሱ ቀላል ነው። ወደ ክበቡ የሚገባው የፈለገ ብቻ ነው፤ ማንም አይገደድም። ወደ እናንተ ጥናት የማይፈልግ ሰው እንደማይገደድ ሁሉ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። አትፈርሙ። በኮሪደር ላይ ሲሰደብ ያያችሁት ልጅ አጠገብ ቁሙ፤ አብራችሁ አትሳቁ። ምስጢሩን ያካፈላችሁ ካለ በጸሎት ርእስ ስም አታሠራጩት። ስለ መሞት ቢያወራ ግን ብቻችሁን አትያዙት፤ ወደ 988 አብራችሁ ደውሉ፣ የምታምኑትንም አዋቂ ጥሩ።

ወረቀቱን ይዘው የመጡት ታላቅ ወንድም ወይም ሽማግሌ ከሆኑ በአክብሮት «ጋሼ፣ የእኛንም ክበብ የሚጠብቀው ይኸው ሕግ ነው፤ ይቅርብን» በሏቸው። ቢቆጡም ታገሡ። እኔም አብሬያችሁ እቆጣለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፤ አብሬያችሁ እቆማለሁ።

ጸጋ ይብዛላችሁ።