ስህተቱን ጮክ ብለን እናንብበው



ባለፈው ሴሚስተር የቡድን ሥራ ልናስረክብ አንድ ሌሊት ሲቀረን፣ አራት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተቀምጠን ነበር። ሲምፓይን ኢንስቶል ማድረግ ፈልገናል። ሲምፓይ በፓይተን የሚሠራ ነጻ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው፤ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ኤክስና ዋይን እንደያዘ ያሰላል፣ ኢኩዌሽን ይፈታል፣ ኢንቴግራል ያወጣል። የእኛው ግን አልሠራ አለን። ቀይ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ሳናነብ እየዘጋን ሦስት ጊዜ አጥፍተን ጫንነው። አንዱ ላፕቶፑን ወቀሰ፣ ሌላው ፍላሹን። ሱብሒ ሊደርስ ሲል አንድ ወንድማችን የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበው። ሲምፓይ ያለ ኤምፒማዝ እንደማይሠራ በግልጽ ተጽፏል። ከጓደኛ በፍላሽ የገለበጥነው ግን አንዱን ፋይል ብቻ ነበር።

ለምን ቀድመን አላነበብነውም? መድረሳ ስንቀራ ስህተት አይደበቅም ነበር። ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብለን ጮክ ብለን እንቀራለን፤ መሳብ ያለበትን ስናሳጥር እዚያው ያስቆሙናል፣ መልሰን እንቀራለን። በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ የሚሰመርበትና ማርክ የሚያስቀንስ ነገር ሆነብን። ግቢ ስንገባ ይዘነው የመጣነው ይህን ሁለተኛውን ፍርሃት ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ስናይ «አልችልም» ብለን እንዘጋለን፤ ከዚያም ክራክ የተደረገ ውድ ሶፍትዌር ከነቫይረሱ በፍላሽ እንቀባበላለን። የሰው ሐቅ መሆኑንም እንረሳለን።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ የስህተት መልእክት እንደ ኡስታዝ እርማት ይነበብ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለውን ነገር ስሙን ጠርቶ ይነግረናል። «ሲምፓይ የሚባል የለም» ሲለን፣ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ፓይተን አለ ማለት ነው፤ በአንዱ ጭነን በሌላው እየከፈትን ነው። ሴጅማዝን ዊንዶውስ ላይ ለመጫን የሚታገሉም፣ አዲሶቹ ቅጂዎች በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን ማስነሳት እንደሚጠይቁ ሳያዩ ቀናቸውን ያቃጥላሉ።

ከጫንን በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ማክሲማ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር፣ ኢ በኔጌቲቭ ኤ ኤክስ ፓወር ያለውን ፈንክሽን ከዜሮ እስከ ኢንፊኒቲ ኢንቴግሬት አድርግ ብትሉት፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት «ኤ ፖዘቲቭ ነው፣ ኔጌቲቭ ነው ወይስ ዜሮ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙዎቻችን ተበላሸ ብለን እንዘጋዋለን። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። ኤ ፖዘቲቭ ከሆነ መልሱ አንድ ሲካፈል ለኤ ነው፤ ካልሆነ ስፋቱ ማለቂያ የለውም። ሴጅማዝም በውስጡ ማክሲማን ስለሚጠቀም፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ይቆምና «ግምታችሁን አስቀድማችሁ ንገሩኝ» ይላል። የኤክስ ስኩዌር ስኩዌር ሩት ኤክስ ነው ብለን የምንጽፈው እኛ ነን፤ ሲምፓይ ግን ኤክስ ኔጌቲቭ አለመሆኑን ካልነገርነው አይቀበልም። ኤክስ ኔጌቲቭ 3 ቢሆን መልሱ 3 ነውና።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ በበግዳድ ስለ አል-ጀብር ሲጽፍ፣ የሚሠራው በፖዘቲቭ ቁጥሮች ስለነበር ኢኩዌሽኖችን በስድስት ዓይነት ለይቶ እያንዳንዱን ለብቻው ፈታ። ከመጽሐፉም ሰፊውን ክፍል ለውርስ ስሌት ሰጠ። እስኪ አንድ የውርስ ስሌት እንሞክር፦ ሟች ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቷል። ለሚስት 1/8፣ ለእናት 1/6፣ የቀረው ለልጁ። ይህን ዝም ብለን በፓይተን ብንደምር 0.2916666 እያለ ይቀጥላል። ክፍልፋይ መሆኑን ለሲምፓይ ብንነግረው ግን 7/24 ይላል፤ ለልጁም 17/24 ይቀራል። የማንም ሐቅ በነጥብ በኋላ ባሉ ቁጥሮች ውስጥ አይጠፋም።

«ነጻው ይከብዳል፣ መምህሩም የሚፈልጉት የሚሸጠውን ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ኮርሱ ካስገደደ ላብ ገብተን እንሥራ። ለቀረው ግን ኦክታቭ የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የማትላብን አብዛኛውን ኮድ እንዳለ ይቀበላል።

ኢንተርኔትም ሌላ ፈተና ነው። ከደባርቅ ወደ ጨነቅ ሲወጣ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ወደ ላይ ያላነሳ ማን አለ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ፣ ፋይሉን አስቀድሞ ያላወረደ ሰው እጁን አጣጥፎ ቀረ። ስለዚህ ጀመዓችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማክሲማ፣ ኦክታቭ፣ እንዲሁም ሲምፓይ ከነኤምፒማዙ ተሟልተው የተቀመጡበት ንጹህ ፍላሽ ይኑር። ሁለተኛ፣ ያጋጠመንን ስህተትና መፍትሔውን በአማርኛ የምንጽፍበት አንድ ደብተር ይከፈት። ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ተቀምጠን ቀዩን ጽሑፍ ጮክ ብለን እናንብብ። ወደ ዳባትና ደባርቅ ለእረፍት ስንመለስም ፍላሹን ለታናናሾቻችን ይዘንላቸው እንሂድ።

ዊሊያም ሼልተር የተባለ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ሰው ማክሲማን ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስተካክል ኖረ። በ1998 ለሁሉም በነጻ እንዲሰጥ ፈቃድ አገኘ፤ በ2001 ሞተ። እኛን አያውቀንም፤ ሥራው ግን ዛሬም ላፕቶፓችን ላይ ነው። ሰው ሲሞት የማይቋረጥለት ሥራ ጠቃሚ ዕውቀት መሆኑን ከልጅነታችን የተማርን እኛስ፣ አንዲት ያረምናትን ስህተት እንኳ ለቀጣዩ ጽፈን ማስቀመጥ እንዴት ይከብደናል?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። አሚን።